ኮምባይነሩ እስኪመጣ፤ የእርሻ ማሽን ኪራይ ዕድልና ፈተና

ኅዳር ተጋምሶ በምሥራቅ ጎጃም ደጋማ ወረዳዎች ስንዴው ሲነጣ የአርሶ አደሩ ዓይን ሁለት ቦታ ይማትራል። አንደኛው ሰማይ ነው፤ ያለ ጊዜው የሚጥል ዝናብ የደረሰውን ሰብል ዘለላው ላይ እንዳያበቅልበት ይሰጋል። ሁለተኛው መንገድ ነው፤ ኮምባይነሩ ዛሬ ይደርስ ይሆን ወይስ ወደ ሌላ ቀበሌ ዞሮ ይሆን እያለ ይጠብቃል። ከመጋቢት ጀምሮ ደጋግሞ ያረሰው፣ በክረምቱ ዘርቶ ያረመው፣ ማዳበሪያና ፀረ አረም በብድር ገዝቶ ያለማው ማሳ ውጤቱ የሚለየው በእነዚህ ጥቂት ቀናት ነው።

የእርሻ ሜካናይዜሽን ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ የሚወራው ስለ ማሽኑ ብዛት ነው። ስንት ትራክተር ገባ፣ ስንት ኮምባይነር ተገዛ፣ ስንት ሄክታር በኩታ ገጠም ታረሰ ይባላል። አርሶ አደሩ ማሳ ላይ ሲደርስ ግን ጥያቄው ይለወጣል። ማሽኑ በሰዓቱ ይደርሳል ወይ? ኪራዩ ስንት ነው? ከማሳው ላይ ምን ያህል እህል ይቀራል? ማሽኑ ሲበላሽስ ማን ይጠግነዋል? ዘመናዊ ግብርና ከልማት ሥራነቱ ባሻገር ንግድ እየሆነ መምጣቱን የሚያሳዩት እነዚህ ጥያቄዎች ናቸው።

ከደቦ ወደ ኪራይ

በደጋው አካባቢ የአጨዳና የውቂያ ሥራ ለረጅም ዘመን የቆመው በደቦና በወንፈል ነው። ጎረቤት ለጎረቤት እየተጋገዘ አንዱ የአንዱን ማሳ ያጭዳል፣ ይከምራል፣ በበሬ ያበራያል። ባለ ማሳው ምሳና ጠላ ያዘጋጃል። ይህ አሠራር ዛሬም አልጠፋም፤ እየከበደ ግን መጥቷል። ወጣቱ ወደ ከተማ ይወጣል፤ ሌላው ደግሞ የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ወደ መተማና ሁመራ ቆላማ አካባቢዎች ይወርዳል። ስንዴ በሰፊው በተዘራበት ቀበሌ ደግሞ የሁሉም ሰብል በአንድ ሳምንት ስለሚደርስ ማን ለማን ደቦ ይወጣል የሚለው ራሱን የቻለ ችግር ነው።

ኩታ ገጠም እርሻ ሲስፋፋ ይህ ችግር ይበልጥ ጎላ። በአንድ ቦታ ያሉ አርሶ አደሮች አንድ ዓይነት የስንዴ ዝርያ በተመሳሳይ ሳምንት ሲዘሩ ሰብሉም በተመሳሳይ ሳምንት ይደርሳል። በሰው ጉልበት ይህን ሁሉ በጥቂት ቀናት ማንሳት አስቸጋሪ ነው። በሌላ በኩል ግን ያው የተያያዘ ማሳ ለኮምባይነር ምቹ ነው። ኩታ ገጠም እርሻው የማሽን ፍላጎቱን ፈጠረ፤ ማሽኑ በትርፍ የሚሠራበትን ሁኔታም አብሮ ይዞ መጣ።

በሀገራችን በስንዴ ሜካናይዜሽን ቀዳሚ የሆኑት የአርሲና የባሌ አካባቢዎች ናቸው። በ1960 ዓ.ም. በስዊድን ድጋፍ በጭላሎ አውራጃ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት (ካዱ) የተሻሻለ ዘርና ማዳበሪያን ለአነስተኛ ገበሬዎች በማስተዋወቅ ይታወቃል። በዚያው ዘመን ግን ትራክተር መግዛት የቻሉ ባለመሬቶች መሬቱን ራሳቸው ማረስ አዋጭ ሆኖ ስላገኙት በርካታ ጭሰኞች ከማሳቸው ተነቅለዋል። ዛሬ ያለው ሁኔታ ከዚያ ይለያል። መሬቱን የመጠቀም መብት የአርሶ አደሩ ነው፤ ማሽኑ የሚመጣው በኪራይ ነው። ከዚያ ዘመን የሚወሰደው ትምህርት ግን ዛሬም ይሠራል፤ ማሽን ማንን እንደሚጠቅም የሚወስነው አሠራሩ ነው።

በኩንታል የሚቆጠር ሒሳብ

የትራክተር እርሻ ኪራይ አብዛኛውን ጊዜ በሄክታር ይታሰባል። የኮምባይነር አጨዳ ግን በብዙ ቦታ የሚከፈለው በኩንታል ነው። ይህ ልዩነት ቀላል ቢመስልም የገበያውን ጠባይ የሚወስነው እሱ ነው።

ለስሌት እንዲመች አንድ ኮምባይነር በተያያዘ ማሳ ላይ በቀን 10 ሄክታር ያጭዳል እንበል። ማሳው በሄክታር 40 ኩንታል የሚሰጥ ከሆነ ባለማሽኑ በቀኑ የ400 ኩንታል ኪራይ ያገኛል። ያው ማሽን በየቦታው የተበታተኑ ባለ አንድ ጥማድ ማሳዎች ላይ ቢሰማራ ከማሳ ማሳ ሲዞር፣ ድንበር ላይ ሲመለስና ቦይ ሲሻገር ጊዜው ያልቃል። በቀን 5 ሄክታር ቢያጭድና ምርቱም በሄክታር 25 ኩንታል ቢሆን የሚያገኘው የ125 ኩንታል ኪራይ ብቻ ነው። የኦፕሬተሩ አበልና የረዳቱ ክፍያ ግን አይቀንስም፤ ነዳጁም በመዞር ያልቃል።

ባለማሽኖች ምርታማና ሰፊ የሆነውን ኩታ ገጠም ማሳ አስቀድመው፣ የተበታተነውንና ምርቱ ደከም ያለውን ማሳ ወደ ኋላ የሚያቆዩት ለዚህ ነው። ከአርሶ አደሩ ወገን ሲታይ አድልዎ ይመስላል፤ ከነጋዴው ወገን ሲታይ ደግሞ ሒሳብ ነው። የግብርና ጽሕፈት ቤቶች ይህን ሒሳብ ሳያውቁ ማሽን ወደ ኋላ ወደቀሩ ማሳዎች እንዲሄድ ቢያዝዙ ውጤቱ ብዙ ጊዜ ማሽኑ ወረዳውን ጥሎ መሄዱ ነው። መፍትሔው የሚጀምረው ለማሽኑ መሄጃ ምክንያት ከመፍጠር ነው።

ሌላው የባለማሽኑ ፈተና የሥራ ዘመኑ ማጠር ነው። ኮምባይነር በዓመት የሚሠራው ሰብል በሚደርስባቸው ጥቂት ሳምንታት ነው፤ ብድሩና የጥገና ወጪው ግን ዓመቱን ሙሉ ይቆጠራሉ። በመሆኑም ባለማሽኖች ሰብሉ ቀድሞ ከሚደርስበት አካባቢ ተነሥተው ዘግይቶ ወደሚደርስበት ደጋ ይጓዛሉ። የበጋ መስኖ ስንዴ መስፋፋት በዚህ በኩል አዲስ ዕድል ከፍቷል። በመኸር ብቻ ይሠራ የነበረ ማሽን በመጋቢትና በሚያዝያም ሥራ ያገኛል። በመስኖ በሚለሙ ቆጋን በመሳሰሉ አካባቢዎች ማሳዎቹ በውኃ መስመር የተደራጁ መሆናቸው ለማሽን ሥራ ቅንጅት ያግዛል፤ ቦዮቹ ግን ማሽኑ የሚሻገርበት በር ተተውቶላቸው መሠራት አለባቸው።

በመካከል የቆመው ደላላ

ባለማሽኑ ከሩቅ ሲመጣ የትኛው ቀበሌ ሰብል እንደደረሰ አያውቅም። አርሶ አደሩም ማሽኑ የት እንዳለ አያውቅም። ይህን ክፍተት የሚሞላው ደላላ ነው። ደላላው ስልክ ይደውላል፣ ማሳ ያሳያል፣ ገንዘብ ይሰበስባል፣ ለኦፕሬተሩ ማደሪያና ምግብ ያመቻቻል። ይህ አገልግሎት ዋጋ እንዳለው መካድ አይቻልም።

ችግሩ የሚመጣው ሰብሉ ደርሶ ሰማዩ ሲጠቁር ነው። ያን ጊዜ ተራው በዋጋ ይሸጣል። ጨምሮ የከፈለ ይቀድማል፤ ቀድሞ የተመዘገበው ይቀራል። ዝናብ የፈራ አርሶ አደር ዋጋ አይከራከርም። አንዳንዴም ደላላው ከሁለቱም ወገን ክፍያ ስለሚቀበል ባለማሽኑ የሚያገኘውና አርሶ አደሩ የሚከፍለው ዋጋ ይራራቃል። በጽሑፍ የሰፈረ ውል ስለሌለ ማሽኑ ግማሽ ማሳ አጭዶ ቢሄድ ወይም እህሉን ቢያባክን የሚጠየቅ አካል አይገኝም።

ይህን ለማሻሻል ሁለት ዓይነት መንገድ እየታየ ነው። አንደኛው መረጃን ማቅረብ ነው። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ተቋም ያስጀመረው የ8028 ነፃ የስልክ መስመር አርሶ አደሩ የግብርና ምክር በስልክ እንዲያገኝ መንገድ ከፍቷል። እንደ ለርሻ ያሉ የግል የዲጂታል አገልግሎቶች ደግሞ ግብዓትንና የማሽን ኪራይን በስልክ የማገናኘት ሥራ ጀምረዋል። ሁለተኛው መንገድ ኅብረት ሥራ ማኅበራትና ዩኒየኖች በአባሎቻቸው ስም ከባለማሽኖች ጋር በአንድ ላይ መዋዋላቸው ነው። አንድ አርሶ አደር ለግማሽ ሄክታር ዋጋ መደራደር አይችልም። 120 አርሶ አደሮች በ60 ሄክታር ሲቀርቡ ግን ባለማሽኑ ራሱ ፈልጎ ይመጣል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው በዚህ ገበያ ላይ በሒሳብ የሚታይ እውነት ነው።

በ2015 ዓ.ም. የወጣው የግብርና ምርት ውል አዋጅ ቁጥር 1289/2015 በአምራቹና በገዢው መካከል ያለው ስምምነት በጽሑፍ እንዲሰፍርና የየወገኑ ግዴታ እንዲታወቅ መሠረት ጥሏል። አዋጁ የሚመለከተው የምርት ውልን ነው፤ ልምዱ ግን ለማሽን ኪራይም ይጠቅማል። የሚታጨደው ማሳ ስፋት፣ የመጀመሪያና የመጨረሻ ቀን፣ የኩንታል ዋጋ፣ የሚፈቀደው የብክነት መጠንና ማሽኑ ቢበላሽ የሚወሰደው ርምጃ በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ሊሰፍሩ ይችላሉ።

ማሳ ላይ የሚቀረው እህል

ኮምባይነር በሥርዓት ከተነዳ የምርት ብክነትን ይቀንሳል። ከአጨዳ ወደ ክምር፣ ከክምር ወደ አውድማ በሚደረገው ጉዞ የሚረግፈውን እህል ያስቀራል፤ አፈርና ጠጠርም ከእህሉ ጋር አይቀላቀልም። በአግባቡ ካልተነዳ ግን ከማጭድ የባሰ ሊያባክን ይችላል።

ምክንያቶቹ የታወቁ ናቸው። ኦፕሬተሩ ብዙ ሄክታር ለመጨረስ ከተገቢው በላይ ሲፈጥን ማሽኑ የገባለትን ሰብል ወቅቶ አይጨርስም። መውቂያው ከመጠን በላይ ሲሽከረከር እህሉ ይሰባበራል፤ ሲዘገይ ደግሞ ከዘለላው ሳይለቅ ከገለባው ጋር ይወጣል። ማራገቢያው ሲበረታ እህሉ ከእብቁ ጋር ይነፍሳል። የጋሸበ ሰብል ላይ መቁረጫው በቂ ዝቅ ካላለ ዘለላው መሬት ላይ ይቀራል። ጠዋት ጤዛ ሳይለቅ ሲታጨድ ውቂያው ይከብዳል፤ እርጥበት ይዞ ጎተራ የገባ እህልም ይሻግታል። ሰብሉ ከልክ በላይ ደርቆ ሲቆይ ደግሞ ገና መቁረጫው ሲነካው ይረግፋል።

አርሶ አደሩ ብክነቱን በራሱ ሊለካ ይችላል። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ማዕዘን ከእንጨት ወይም ከሽቦ ይሠራል። ማሽኑ ካለፈ በኋላ ማዕዘኑን በተለያዩ ቦታዎች እየጣለ ገለባውን አንሥቶ መሬት ላይ የቀረውን ፍሬ ይቆጥራል፤ ከዚያም አማካዩን ይወስዳል። አንድ ሺህ የስንዴ ፍሬ 40 ግራም ገደማ ይመዝናል ተብሎ ቢያዝ 250 ፍሬ 10 ግራም ይሆናል። በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 10 ግራም ቀረ ማለት በሄክታር አንድ ኩንታል ቀረ ማለት ነው። ከመታጨዱ በፊት ራሱ የረገፈው ፍሬ በቆመው ሰብል ውስጥ ተቆጥሮ ከዚህ ላይ መቀነስ አለበት። ገለባው ከማሽኑ በስተኋላ በሚወድቅበት መስመር ላይ ብቻ መቁጠርም ስለሚያሳስት በማሽኑ ሙሉ ስፋት ልክ ግራና ቀኙንም ማየት ያስፈልጋል።

በሄክታር አንድ ኩንታል ትንሽ ይመስላል። በ60 ሄክታር ኩታ ገጠም ላይ ግን 60 ኩንታል ነው። በሄክታር 150 ኪሎ ግራም ዘር የሚዘራ ቢሆን ይህ መጠን 40 ሄክታር ማሳ ለመሸፈን ይበቃል። ቆጠራው መደረግ ያለበት ማሽኑ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ዙሮች እንዳጨደ ነው። ያን ጊዜ ማሽኑን ቆም አድርጎ ፍጥነቱንና ማራገቢያውን ማስተካከል ይቻላል። ሁሉ ካለቀ በኋላ የሚነሳ ቅሬታ ግን እህሉን አይመልስም።

ከእህሉ ሌላ ሁለት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ገለባ ነው። ለደጋው አርሶ አደር ገለባ የበጋ የከብት መኖ ነው። ኮምባይነር ከፍ አድርጎ ሲቆርጥና ገለባውን ሲበትነው የመኖው ክፍል ማሳ ላይ ይቀራል፤ ቶሎ ካልተሰበሰበም ልቅ ግጦሽ ያጠፋዋል። የመቁረጫው ከፍታ ከኦፕሬተሩ ጋር አስቀድሞ ሊነጋገሩበት የሚገባው ለዚህ ነው። ሁለተኛው የአረም ዘር ነው። ከወረዳ ወረዳ የሚዞር ማሽን በሆዱ የስናርና የሌላ አረም ዘር ይዞ ሊገባ ይችላል። በዘር ብዜት ላይ ለተሰማሩ አርሶ አደሮች ደግሞ በማሽኑ ውስጥ የቀረ የሌላ ዝርያ ፍሬ ዘሩን ከደረጃ ያወርደዋል። ማሽኑ ወደ አዲስ ቀበሌ ከመግባቱ በፊት መጽዳቱን ማረጋገጥ የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ድርሻ ሊሆን ይገባል።

ገንዘብና መለዋወጫ

መንግሥት በ2011 ዓ.ም. የግብርና ማሽነሪዎች ከቀረጥ ነፃ እንዲገቡ መፍቀዱ ዘርፉን አነቃቅቷል። ማሽኑ ግን ከውጭ የሚገዛ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የብር የምንዛሪ ዋጋ በእጅጉ ዝቅ ብሏል። በዚህ ምክንያት አዲስ ማሽንም ሆነ መለዋወጫ በብር ሲሰላ ተወድዷል። አንድ ቺንጊያ ወይም ኩሽኔታ በአጨዳው መካከል ሲበጠስ ማሽኑ ዕቃው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሊቆም ይችላል። የቆመው ማሽን ለባለቤቱ ኪሳራ ነው፤ ተራውን ለሚጠብቀው አርሶ አደር ደግሞ ሰብሉ ለዝናብ ተጋለጠ ማለት ነው። በክልሉ ያጋጠመው የጸጥታ ችግርም የማሽኖችንና የመለዋወጫን እንቅስቃሴ አስቸጋሪ አድርጎታል።

በፋይናንስ በኩል የሕግ በሮች ከቀድሞው ይልቅ ሰፍተዋል። የሊዝ ፋይናንስ አሠራር ማሽኑን ራሱን ዋስትና አድርጎ ለሥራ ፈላጊው ያቀርባል። በተንቀሳቃሽ ንብረት ስለሚሰጥ የዋስትና መብት የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147/2011 እንደ ማሽነሪና የቁም እንስሳት ያሉ ንብረቶች ለብድር መያዣ እንዲሆኑ ይፈቅዳል። የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1324/2016 ደግሞ አርሶ አደሩ የመሬት የመጠቀም መብቱን ለብድር ዋስትና ማስያዝ የሚችልበትን አሠራር አካትቷል። እነዚህ ሕጎች ከወረቀት ወደ ሥራ የሚሸጋገሩት የአርሶ አደሩ የይዞታ ማረጋገጫ ሲሟላና አበዳሪ ተቋማት የግብርና ሥራን የገቢ ወቅት ሲያውቁ ነው። ስንዴ አምራች ገንዘብ የሚያገኘው ሰብሉ ሲሸጥ ነው፤ በየወሩ ክፈል የሚል ብድር ለእሱ የተሰፋ ልብስ አይደለም።

መበደር ከመቻል እኩል ደግሞ ዕዳን ማመዛዘን ያስፈልጋል። ተደራጅተው ኮምባይነር ወይም ትራክተር ለመግዛት የሚያስቡ ወጣቶች ማሽኑ በዓመት ስንት ቀን እንደሚሠራ፣ በዙሪያው ስንት ሄክታር የተያያዘ ማሳ እንዳለ፣ መለዋወጫው የት እንደሚገኝና ኦፕሬተሩ ማን እንደሆነ ሳይመልሱ ውል መፈረም የለባቸውም።

ማሽን ያልደረሰበት ማሳ

የደጋው መሬት ሁሉ ለትልቅ ማሽን አይመችም። ተዳፋት ላይ ያለ፣ በእርከን የተከፋፈለ ወይም ዝናብ ሲጥል ጭቃው የሚይዝ የዋልካ አፈር ለኮምባይነር ፈተና ነው። ጤፍም ፍሬው ደቃቅ በመሆኑና በቀላሉ ስለሚጋሽብ እንደ ስንዴ በቀላሉ በማሽን አይነሳም። እንዲህ ላለው ማሳ አነስተኛ ማሽኖች የተሻለ ምርጫ ናቸው። ዓለም አቀፉ የበቆሎና የስንዴ ምርምር ማዕከል (ሲሚት) ከአጋሮቹ ጋር በኢትዮጵያ ባለ ሁለት ጎማ ትራክተሮችን ለዘር፣ ለማጓጓዝና ለውቂያ የማላመድ ሥራ ሠርቷል። ተንቀሳቃሽ መውቂያ ደግሞ ወጣቶች በአነስተኛ ካፒታል ሊጀምሩት የሚችሉት የኪራይ ሥራ ነው።

በዚህ ረገድ ትኩረት የሚሹት በሬና ጉልበት የሌላቸው አባወራዎችና እማወራዎች ናቸው። ብዙዎቹ በሬ ስለሌላቸው መሬታቸውን ለእኩል አራሽ ሰጥተው የምርቱን ግማሽ ያጣሉ። የትራክተር ኪራይ ማግኘት ከቻሉ ግን ማሳቸውን ራሳቸው ማልማት ይችላሉ። እንቅፋቱ የክፍያው ጊዜ ነው፤ እርሻ የሚከፈለው እጅ ባዶ በሚሆንበት ወቅት ነው። ኅብረት ሥራ ማኅበራት የእርሻውን ኪራይ ቀድመው ከፍለው ከምርት በኋላ በእህል ወይም በጥሬ ገንዘብ ቢመልሱላቸው የአንድን ቤተሰብ ዕጣ የሚለውጥ አገልግሎት ይሆናል።

ከኅዳር በፊት

ስንዴው ከደረሰ በኋላ የሚደረግ ስብሰባ ማሽን አያመጣም። ሥራው የሚሠራው በመስከረምና በጥቅምት ነው። የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት በየቀበሌው የትኛው ማሳ በየትኛው ሳምንት እንደሚደርስ በካርታ አስፍሮ ለማሽን ባለቤቶች አስቀድሞ ቢያሳውቅ ጉዞው መስመር ይይዛል። የመንገድና የአስተዳደር ጽሕፈት ቤቶች ኮምባይነር የጫነ ሎቤድ የሚያልፍባቸውን ትንንሽ ድልድዮችና የቀበሌ መንገዶች ክረምቱ እንዳለፈ ቢያዩ ማሽኑ ደርሶ አይመለስም። የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ ተቋማት ኦፕሬተሮችንና ጠጋኞችን በአካባቢው ቢያፈሩ ማሽን በተበላሸ ቁጥር ባለሙያ ከሩቅ አይጠበቅም።

የአርሶ አደሩም ድርሻ አለ። የኩታ ገጠም ቡድኑ ድንበሮቹን በግልጽ ምልክት ለይቶ፣ በማሳው ውስጥ ያለውን ድንጋይና ጉቶ አስወግዶ፣ የማሽን መግቢያውን አዘጋጅቶ፣ ከረጢቱንና ሚዛኑን ይዞ መጠበቅ አለበት። ተራው በዕጣ ወይም በሰብሉ መድረስ ቅደም ተከተል ተወስኖ በቃለ ጉባኤ ከያዘ ደላላ የሚገባበት ቀዳዳ ይጠባል። የብክነት ቆጠራ የሚያደርጉ ሁለት ሰዎችም ከመካከላቸው ቢመረጡ ሁሉም እህሉን በዓይኑ ያያል።

አባቶች ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ ይላሉ። ማሽኑ ለሌላ ወረዳ ከመፈረሙ በፊት፣ ሰማዩም ከመጥቆሩ በፊት የተነጋገረ ቀበሌ ምርቱን በጊዜ ወደ ጎተራ ያስገባል። ያልተነጋገረው ግን ዘንድሮም እንደ አምናው ስንዴውን አቁሞ መንገዱን ሲያይ ይሰነብታል።